ከኋላ ጎማው ስር የነበረው ድንጋይ

ውድ የትናየት፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ «የእጅ ፍሬኑስ?» ስትዪኝ እንደለመድኩት «ይዟል!» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ መዋሸት ከበደኝ። ደብዳቤውን ወደ ስማዳ የሚወርደው ሚኒባስ ያደርስልሻል።

ለልጃችን ክርስትና ማር ልገዛ ትናንት አርብ ገበያ ሄድኩ። እናትሽ ቤት ልትወልጂ ከሄድሽ ወዲህ ገበያ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ፒካፗን ሁልጊዜ የምናቆምበት ዳገት ላይ አቆምኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወረድኩ። ማሩን እያስመዘንኩ ሳለ «መኪናው! ኧረ መኪናው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ሰው የሌለባት ፒካፕ ወደ ኋላ ትንደረደራለች። የኔዋ ናት! እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ልጅ ያዘለች ሽምብራ ሻጭ ነበረች፤ ሰው በነጠላዋ ጎትቶ አወጣት። ጎማው ቁናዋን ጨፈለቀው። ፒካፗ የአጣና ክምር ገጭታ ቆመች። የትናየት፣ ያዘለችው ሕፃን ከእንቅልፉ እንኳ አልነቃም። ሳየው የኛ ልጅ መሰለኝ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ ጨው የሚሸጡት እማማ ሐረገ ወይን መጡ።

«ድንጋይ የምታደርግልህ ሚስትህ ዛሬ የት ሄዳ ነው?»

«የምን ድንጋይ እማማ?»

«ኧረ ጉድ! በየአርቡ ወርዳ ከኋላ ጎማው ስር ስትሸጉጥ አይደል እንዴ የምናያት! ስትሄዱ ደግሞ መልሳ ታነሳዋለች። አታውቅም ኖሯል?»

አላውቅም ነበር። «ጭነቱን ልየው» እያልሽ ወደ ኋላ ስትዞሪ «ምን ያንቀረፍፍሻል!» እያልኩ የተቆጣሁሽ ስንት ጊዜ ነው? መስከረም ላይ የፍሬኑን ገመድ ራሴ አጥብቄ፣ እዚያው ዳገት ላይ «አየሽ? ንቅንቅ አትልም!» ብዬ ስፎክር ፈገግ አልሽ። ለካ ያን ቀንም የያዛት ያንቺ ድንጋይ ነው። ለምን አልነገርሽኝም አልልም። ብትነግሪኝ ሳምንት ሙሉ እንደማኮርፍ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ዛሬ መካኒኩ አለበል የኋላ ጎማዎቹን ፈትቶ አሳየኝ። ጎማውን አንቆ የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ አልቋል። እኔ ባለቀ ሸራ ላይ ገመድ ሳጠብቅ ከርሜያለሁ። አዲስ ሸራ አስገባ፤ መጀመሪያ ሸራውን አስተካከለ፣ ገመዱን ያጠበቀው መጨረሻ ላይ ነው። ዳገት ላይ ያለ ድንጋይ ሞከርናት፣ ቆመች። ድንጋይ የሸጎጠላት ይኖር እንደሆነ ብዬ ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ፤ አለበልን ግራ እስኪገባው ድረስ ሁለቴ ዞርኩ።

አንቺ ግን ቃሌን አትመኚ። ለክርስትናው ማሩን ይዤ፣ በዚያውም ልወስዳችሁ ስመጣ እናትሽ ደጅ ያለው ዳገት ላይ አቆማታለሁ። ልጁን ታቅፈሽ ከሩቅ እዪ። ስንዝር ብትንሸራተት በሚኒባስ እንመለሳለን፤ አላኮርፍም። ብትቆምም ድንጋይ ይዤ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ወርጄ የማደርገው እኔ ነኝ፣ አንቺ እያየሽኝ።

ያላየሽኝ ቀን የደነገጠው ባልሽ፣
ሰማኸኝ
ንፋስ መውጫ