ደማቁ ጎረቤት

ሐምሌ 6

እኔ፣ የዚህ ቤት የመጨረሻ ልጅ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ አርባ ፎቶ ሳላይ «ንጹህ» ብዬ አሳልፌአለሁ።

የእረፍት ሥራዬ ነው፣ አባዬ ቢሮ። በየጋላክሲው መሃል ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ሆዳሞቹ ዙሪያቸውን ሲያግበሰብሱ ከሩቅ ያበራሉ። አባዬ የመረጠው ግን ምግብ ሲቀርብላቸው የሚያንገራግሩትን፣ ደብዛዞቹን ነው። ጋማ ጨረር ይረጫሉ ወይ? ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ይጠይቃል። በአንዱ ፎቶ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ሁለት መቶ ፎቶዎችን መሃል ለመሃል ይደራርባቸዋል። ከዚያ በፊት አጠገባቸው ደማቅ ጎረቤት ያለባቸውን እኔ እሰርዛለሁ። ብርሃኑ ወደ መሃል እየፈሰሰ ያታልላላ።

«በደንብ እያየሽ ነው?»

«ዓይኔ ሊፈስ ነው አባዬ።»

ስልኬን ነበር የማየው።

ሐምሌ 10

ኃላፊው መጣ። «እህም» ሳይል አፉን አይከፍትም፤ አቶ እህም ብዬዋለሁ። እህም... እስከ ወሩ መጨረሻ ውጤት ከሌለ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። እህም... አባዬም ይሰናበታል።

«በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ማን ይቀጥረዋል?» እማዬ ናት፣ ለአክስቴ በስልክ። የቤታችን በር ቀጭን ነው።

ሐምሌ 13

ተገኘ። መሃል ላይ ነጥብ... ትንሽ፣ ግን አለች። አባዬ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሁለቴ ዞረ። በዚህ ዕድሜው። «ጦጢት፣ ያንቺ ዓይን እኮ ነው» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። አቶ እህም እንኳ እህም ማለት ረሳ።

አርባዎቹ ትዝ አሉኝ።

ሐምሌ 14

አርባዎቹን አየኋቸው። ሠላሳ ዘጠኙ ንጹህ። 187ኛው... ጥጉ ላይ እንደ መኪና መብራት የሚያፈጥ ጎረቤት። አውጥቼ ደግሜ ደረብኩ። ነጥቧ የለችም። ሦስቴ ሞከርኩ። የለችም።

ብናገር ሥራው ይሄዳል። ባልናገርስ? ሐሙስ ሰው ሁሉ ፊት ሊያቀርበው ነው። ሌላ ሰው ቢደርስበት ቀጣፊ የሚባለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ሐምሌ 15

አባዬ ለሐሙስ ፀጉሩን ተስተካከለ። ያለችውን ያህል።

ሐምሌ 17

ነገርኩት። አልጮኸም። «አሳዪኝ» አለ። አየ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ደግሞ አየ።

«ስንቱን ነው ሳታዪ ያለፍሽው?»

«አርባ።»

«እሺ።»

እሺ ብቻ። ቢሰድበኝ ምናለበት?

ሐምሌ 20

ነጥብ የሌለበትን ባዶውን ምስል አቀረበ። «ሳላጣራ ቸኩዬ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ከኋላ ሆኜ እጄን ላነሳ ስል በዓይኑ አስቀመጠኝ። «አለመኖሩም ራሱ ውጤት ነው» ሲል ማንም ቀና አላለም። አቶ እህም «እህም» አለ፤ ደግሞ «እህም» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ሐምሌ 28

አባዬ የቢሮውን ዕቃ በካርቶን መኪና ላይ ሊጭን ወርዷል። ኮምፒውተሩን ሰኞ ይረከቡታል። ፎቶዎቹን ከአንድ ጀምሬ እያየሁ ነው፣ እያንዳንዱን እስከ ጥጉ። ከእንግዲህ ማን ይፈልጋቸዋል? 63 ንጹህ። 64 ንጹህ። 65... እዚህ ጋ የሆነች ነጥብ... አይ። የለችም።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ከመቼ ጀምሮ?

«ጦጢት... አጥፊውና ነይ።»