የበሶው ውርርድና የጋሽ ወንድይፍራው አጎዛ

ሰኞ፣ ጥር 18

ደም! ድንጋዩ ላይ ደም አየሁ። ኤጭ፣ ሲያስጠላ! ከጓሮ ካቡ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ስታገል ጠርሙስ የዋጥኩ ነው የመሰለኝ። የጎረቤት ውሻ መጥቶ አየኝና አዝኖ ሄደ።

ጥፋቱ የኔው ነው። ባለፈው ሐሙስ ጓደኛዬ ዘነበ ቤት "አንድ ሳህን በሶ ያለ ውሃ ማን ይጨርሳል?" ሲባል ማን እኔን ቀድሞ! ዱቄቱን እያቦነንኩ፣ በላዩ ቆሎ እየቆረጠምኩ ጨረስኩት። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ምንም የለም። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ቂጥ ያደርቃል፤ "ፀሐይ ትሙቅ" እያልኩ ያዝኩት። ውሃ? በዚህ ብርድ ማን ውሃ ይጠጣል! ዛሬ የወጣው ዐይነ ምድር አይደለም፣ የወፍጮ መጅ ነው።

እሑድ የዘነበ ሠርግ ነው። አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ወደ ቀየት በኩል፣ ሙሽሪት ቤት ድረስ፣ በበቅሎ። በምን ቂጤ?

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ አልበላሁም። ካልበላሁ አይወጣም፣ ካልወጣ አያምም። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሒሳብ አያጣም።

ለእህቴ ለየሺ "ሆዴን ቆርጦኛል" አልኳት። ለዘነበ "ጉልበቴን በቅሎ ረገጠኝ" አልኩት። ለበቅሎዋ ምንም አላልኩም፤ ሳያት ግን አመመኝ። የትናንቱ አሁንም በርበሬ እንደነካው ቁስል ይንገበገባል። ሱሪዬን ተደብቄ አጠብኩ። ራሴን ተጸየፍኩ።

ቢታወቅ አለቀልኝ። በጋሽ ወንድይፍራው ያሾፍኩት እኔ ነኛ! እሳቸው ባና ይሠራሉ፤ የሱፍ ሸማኔ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የትም ሲሄዱ የበግ አጎዛ በብብታቸው ነው፤ አንጥፈው ይቀመጡበታል። አጎዛው ከሌለ "ቆሜ ይሻለኛል" ይላሉ። እኔም ስም አወጣሁላቸው። "ቆሜ ይሻለኛል መጡ!" ስል ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አምና ማኅበር ላይ አጎዛቸውን ብደብቅባቸው፣ ጠበል ጠዲቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው በሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ረሃቡ አላስቻለኝም። በላሁ፣ ያውም ደረቅ ቂጣ። ወጣ፣ ያውም ከነደሙ።

በግማሽ ቂጥ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞላሌ ወረድኩ። መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ሳያየኝ "ኪንታሮት ነው" አለ። ከቀንድ ውስጥ ጥቁር ቅባት ጨልፎ በወረቀት ጠቀለለልኝ።

"ያቃጥላል። ማቃጠሉ ነው መድኃኒቱ። በሦስት ቀን ተቆርጦ ይወድቃል።"

"ምኑ?"

"እሱ!" አለኝ።

ሽታው! ጉድጓድ ገብቶ የሞተ ፍየል። ስመለስ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው የወረደችው። ነገ ማርያም ናት። ከማርያም መልስ እቀባዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ለጠበል ጠዲቁ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ።

"ቁጭ በል እንጂ፣ ሚዜው!" አሉኝ።

"ቆሜ ይሻለኛል።"

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ እንደ ልማዴ እያሾፍኩ መስሏቸው። ጋሽ ወንድይፍራው አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አዩኝ ብቻ፤ ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ታች።

ስንወጣ ጽዱ ዛፍ ሥር ያዙኝ።

"ደም አለው?"

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"ምኑ ይለኛል እንዴ! ደም አለው ወይ?"

"አለው።"

"ኪስህ ውስጥ የሚሸተውስ?"

አወጣሁት። ገና ሲሸታቸው አወቁት። ነጥቀውኝ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ እጃቸውን በሣር ፈተጉት፣ ፈተጉት።

"እኔም እንዳንተው ትንሽ ቁስል ነበረችኝ" አሉ። "ይህንን ቀባሁና ሥጋዬ ተቃጠለ። ሁለት ዓመት አጎዛ ያሸከመኝ በሽታው መሰለህ? መድኃኒቱ ነው!"

በዚህ ያሾፈው ማን ነው? እኔ! አምና ቆመው ሲበሉ ግንባራቸው አልቦት ነበር፤ እሱንም አሹፌበታለሁ። ቅባቱ ተቀብሮ እንኳ ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዓርብ፣ ጥር 22

መሐል ሜዳ፣ ጤና ጣቢያ። ጋሽ ወንድይፍራው በጠዋት ይዘውኝ ሄዱ። ሲስተሯ ጓንት አጠለቀችና "ዙረህ ተኛ" አለችኝ። ግድግዳው ላይ የክትባት ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሕፃን ይስቅብኝ ነበር።

"ኪንታሮት አይደለም። የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው፤ ደረቅ ዐይነ ምድር ሲወጣ ቆዳውን ቀዶታል። ምን በልተህ ነው?"

"በሶ።"

"ምን ያህል?"

"አንድ ሳህን። ደረቁን።"

"ለምን?"

"ውርርድ ነበር።"

ጓንቷን አውልቃ ምክሯን ጀመረች።

ያለችኝ እንዳይጠፋኝ፦ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ፣ በቀን ሦስቴ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት፤ ከተጸዳዳሁ በኋላ ደግሞ የግድ። ውሃ መጠጣት፣ ቢበርድም። ጎመን፣ ተልባ። ሲመጣ አለመያዝ፣ አለማማጥ። ጦም መዋል ሆድ ያደርቃል እንጂ አያድንም። የሚያለሰልስ ሽሮፕና የሚቀባ ሰጠችኝ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይድናል፤ ካልዳነ ወይም ደሙ ከበዛ ተመለስ።

"በቅሎስ?" አልኳት።

"በቅሎዋም ውሃ ትጠጣ።"

ይቺ እኔን ትበልጣለች! ኋላ ግን "የማይቀርልህ ከሆነ ለስላሳ ነገር ላይ ተቀመጥ፣ ቁልቁለቱን በእግርህ ውረድ" አለችኝ። ከዚያ ወደ በሩ አየችና "አባቴ፣ እርስዎም ይግቡ" አለች። ጋሽ ወንድይፍራው "እኔ ቆሜ…" ብለው ጀመሩና ተዉት። ገቡ። ሲወጡ ለደብረ ብርሃን ሐኪም የተጻፈ ወረቀት ይዘው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለ የሺ በሩን በርግዳ ገባች።

"አንተ! ምን እየተቀቀልክ ነው?"

ነገርኳት። ሳፋውን ዳግመኛ ላትነካው በማርያም ማለች። ተልባ ግን በጠበጠችልኝ። ተልባ ሲቆይ ንፍጥ ነው። ንፍጥ ጠጣሁ፣ በቃ፤ ሁለት ጣሳ።

ከቀትር በኋላ ወጣ። አመመኝ፤ ግን ጠርሙስ አልነበረም፣ እሾህ ነበር። ደሙ አንዲት ጠብታ። ድል!

እሑድ፣ ጥር 24

በቅሎዋ ተጭና ቆማለች። ሰው ሁሉ "ውጣ እንጂ!" ይለኛል። ኮርቻውን ሳየው ላብ አጠመቀኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። አጎዛውን ከብብታቸው አውጥተው ኮርቻው ላይ አነጠፉት።

"ምንድነው ይሄ፣ ጋሼ?" አለ ዘነበ።

 ቀኔ ደረሰ አልኩ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ግጥም ነበር የማወርደው።

"አንደኛ ሚዜ በባዶ ኮርቻ አይቀመጥም" አሉ። "የጥንት ደንብ ነው። እናንተ ደንብ የት ታውቁና!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "እውነት ነው፣ ዱሮ ነበር" አሉ። ሁለተኛው ሚዜ "የኔስ?" ብሎ አኮረፈ። "ላንተ አይፈቀድም" አሉት ጋሽ ወንድይፍራው፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ቁልቁለቱን "ለበቅሎዋ አዝኜ" በእግሬ ወረድኩ። ሙሽሪት ቤት፣ ዳሱ ውስጥ፣ አጎዛዬን አንጥፌ ተቀመጥኩና ውሃ ጠየቅሁ። ማንም አላሾፈብኝም።

ከዚያ ከኋላዬ ሰማሁ።

"ይቀመጡ እንጂ!"

"ቆሜ ይሻለኛል።"

ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ምሰሶው ሥር ቆመዋል። አጎዛቸው እኔ ሥር ነው። ከልጆቹ አንዱ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ስም አውጪው እኔ አይደለሁ! ተነሥቼ አጎዛውን አራገፍኩና አነጠፍኩላቸው። "በተራ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ልጁ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

አሁን ተራው የሳቸው ነው። ይህን የምጽፈው ደብተሩን ምሰሶው ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። ነገ ነነዌ ይገባል፤ ጎመንና ተልባ ነው። ጠዋት እንዴት እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ።