ጭራዋን የጣለችው እንሽላሊት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12፤ አድ-ዳኢር፣ ሳዑዲ አረቢያ

ጠዋት ግቢ ስጠርግ ድመቷ አንዲት እንሽላሊት ያዘች። እንሽላሊቷ ጭራዋን ጥላላት ግድግዳው ላይ ወጣች። ድመቷ በሚንፈራገጠው ጭራ ስትጫወት ቆየች።

ባለፈው ሳምንት የማዳም ወንድም ኩሽና ውስጥ ሲይዘኝ፣ ሻሼን እጁ ላይ ትቼለት ሮጥኩና ክፍሌን ቆለፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። ሻሼንም አልመለሰልኝም።

ዛሬ ምሳ ላይ ማዳም፣ «ነገ ጂዛን ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ወንድሜ ሲመጣ ምሳውን አቅርቢለት» አለችኝ። «ሓድር ማዳም፣ እሺ» አልኳት። ወደ ክፍሌ ስመለስ የበሩ ቁልፍ የለም። ፍራሹን ሳይቀር ገልብጬ ፈለግኩት።

እንሽላሊቷ አሁንም ግድግዳው ላይ ናት። ድመቷ ከሥር ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ሁለተኛ ብትያዝ ምኗን ትጥልላታለች?