ውጭ ማደር የሚሉት ነገር

ይድረስ ለልጄ ለሳባ፣
ድሬዳዋ

ልጄ ሳባ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ደግፌስ ከሥራው ጋር እንዴት ይዞታል? የድሬዳዋ ሙቀት ከእኛ ይብሳል ይላሉ፤ ትንሹ ቴዎ ለመደው ወይስ ያስለቅሰዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናትሽ ልክነሽ ደህና ናት፣ እኔን ከማኩረፏ በቀር። ልጅሽ ፅዮንም ደህና ናት፤ እሷም አኩርፋለች። ምክንያቱን በስልክ ልነግርሽ አልፈለግሁም። በስልክ ሲሆን አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ነገሩ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዘንድሮ ፅዮንን ጨምሮ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ከከተማው በታች ምንጮቹ ወዳሉበት ደን ወስዶ፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን አሳድሮ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ አውሬውና ስለ ውሃው ሊያስተምር አሰበ። ወጪው ከመንግሥት በጀት ነው፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን የወላጅ ኮሚቴው ሲስማማ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ሳነበው «የውጭ አዳር ትምህርት» ይላል። እኔ ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ ቃል አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም። ሴት ልጅ «ውጭ አደረች» ከተባለች ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። አልፈርምም አልሁ። ፅዮን ይህን ከሰማች ወዲህ ውሃ ስጪኝ ስላት ታቀብለኛለች እንጂ ቃል አይወጣትም። አልጋዋን ትታ ሰሌን ላይ መተኛት ጀመረች። እናትሽን ብጠይቃት፣ መሬት ልልመድ ብላ ነው አለችኝ።

ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራና አቋሜን ተናገርሁ። አገኘሽ የምትባል፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጥ፣ ከደጋው ከገረሴ የመጣች ሴት ከኋላ ተነሳችና «አባባ፣ እኛ አገር ገብስ ሲደርስ ጃርት እንዳይጨርሰው ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ላይ ነው የሚያድረው። እንግዲያ ገረሴ በሙሉ ባለጌ ነው በሉና!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ገብስ መጠበቅና ውጭ ማደር አንድ አይደለም አልኋት። እሷም ዛፍ ማየትና ውጭ ማደርስ መቼ አንድ ሆነ አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

ይህን ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰውዬ፣ ካልተስማማችሁ በጀቱ ለሌላ ሥራ ይዙር፣ ልጁን መላክ የሚፈልግ ወላጅ ከኪሱ ከፍሎ ይላክ አለ። ደሜ ፈላ። እንዲህ ከሆነ የባለ ሱቁ ልጅ ምንጩ አጠገብ ያድራል፤ የአገኘሽ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ወሬውን ይሰማል። ከተማችን አርባ ምንጭ ስሙን ያገኘው ከዚያ ውሃ ነው፤ የሁላችንም ጉሮሮ የሚርሰው በዚያ ነው። እንዴት ተደርጎ ማየቱ ለባለ ገንዘብ ብቻ ይሆናል? ተነስቼ እኔ የተቃወምሁት ስሙን እንጂ ምንጩን አይደለም አልሁ። የሁሉ ልጅ በመንግሥት ወጪ ይሂድ፣ ወይም የማንም ልጅ አይሂድ። ስሙ «የደን ትምህርት» ይባል፤ ለሴቶቹም እናቶች አብረዋቸው ይሂዱ አልሁ። ተስማሙ። ሽማግሌው አቋሙን ለወጠ የሚሉ አሉ። ስሙ ተለወጠ እንጂ እኔ አልተለወጥሁም።

አገኘሽ ግን በቀላሉ የምትለቅ ሴት አይደለችም። «ይህን ያህል ካሳሰብዎት አባባ ራስዎ ሄደው ይጠብቁልን!» አለችኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። እንቢ ብል ፈራ ይሉኛል። እሺ አልሁ፣ ፈረምሁም።

ፅዮን ነገሩ ያለቀ መስሏት መሳቅ ጀምራ ነበር። አላለቀም አልኋት፤ ይኸው መልሳ አኮረፈች፣ እናትሽንም ከጎኗ አሰለፈች። ልጅቷ የአንቺ ናት። እኔ ብፈርም፣ እኔው አብሬያት ብሄድ፣ ያለ እናቷ ቃል ከደጅ አላወጣትም። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ትሂድ። አንቺ እዚሁ ተወልደሽ፣ የዚያን ውሃ ጠጥተሽ አድገሽ፣ ምንጩን ሳታዪው ነው የሄድሽው። ጉዞው የካቲት አጋማሽ ነውና ቁርጡን ቶሎ ጻፊልኝ። ለእናትሽ በስልክ ብትነግሪያት አልቀበልም፤ በእጅሽ የተጻፈ ይሁን።

ደግፌን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። ቴዎን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ አያትህ ልክነሽም ትስምሃለች በይው። ፅዮን አሁንም ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች፤ ሰላምታዋን ግን ጻፍልኝ ብላለች። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ዘሪቱንም እንዴት ነሽ በይልኝ። አባትሽ በስተርጅናው ከቤቱ ውጭ ሊያድር ነው። ለእሷ ስታወሪላት ግን «የደን ትምህርት ሄዷል» በያት።

አባትሽ ሀብተጊዮርጊስ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥር 19 ቀን 2002 ዓ.ም.