በአባባ እርምጃ የተዘራው ጉሎ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ሁላችንም በናፍቆት ሰላም ብለንሃል። አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትሳቅብኝ እንጂ። ዛሬ ማንም ሳያየኝ ክር ይዤ በጉሎው መሃል ስለካ ዋልኩ።

ጉሎው ዘንድሮ ጉድ ነው! አባባ ሲዘራ በእርምጃው እንደሚለካ ታውቃለህ፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ ጉድጓድ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ተራርቀው ስለበቀሉ ቅርንጫፋቸውን እንደልባቸው ዘርግተዋል። አንዱ ተክል ብቻውን ስድስት ሰባት ዘለላ ይዟል! እማዬ ዘለላውን የምትቆርጠው እየዘፈነች ነው። የመጨረሻዎቹ ግን ተጠጋግተው ፀሐይ ሲሻሙ ቀጥነው ረዘሙ፤ ያፈሩትም አንድ አንድ ዘለላ ብቻ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ምን አጠጋጋቸው?" አለችው እማዬ።

"ሐሜት ይዘው ነዋ! ካንቺ ተምረው።"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱም ስቆ ሲያበቃ ድንጋዩ ላይ አረፍ አለ። ሥራ ላይ መቀመጥ እንደማይወድ ታውቃለህ።

ሁለት ክር አብሬ ልኬልሃለሁ። ረጅሙ በመጀመሪያው መስመር ከተክል እስከ ተክል ያለው ርቀት ነው፣ አጭሩ በመጨረሻው። ሁለቱንም የዘራው አባባ ነው፣ በአንድ ጠዋት።

እማዬ ሳሚልኝ ብላለች፤ አባባም ስለ እኛ አታስብ ይልሃል። እኔ ነገ ጆሮዬን አመመኝ ብዬ ጤና ጣቢያ እንዲወስደኝ እለምነዋለሁ። ሰው ማናገር እንደማፍር ስለሚያውቅ ብቻዬን አይሰደኝም። እዚያ ስንደርስ ግን ነርሷን ስለ እርምጃው የማናግራት እኔ ነኝ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ