ለቀረችው ዓይን

ሰኞ፣ ግንቦት 6፣ ከሰዓት በኋላ

የሰባተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ የአንዱ ተማሪ መልስ ታጥቦ ሄደ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ላብ ነው። ደሴ ብሆን ይሄኔ ጋቢ ደርቤ ነበር። ተይው ደብተሬ፣ የአሰብን ሙቀት ማማት ልማድ ሆኖብኛል።

ግርማ ከኦፊቺና፣ ከሚሠራበት ጋራዥ፣ ገባ። ባሌ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ! ጎረቤታችን ከማል፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ከጅቡቲ ያመጣለት ነው። ስንት ተገዛ ስለው ሳል ያዘው። የሠርግ ሚዜ መስለሃል አልኩት። ደስ አለው እንጂ አልተቀየመም። ለሥራ ነው ይላል። ሞላው ላይ፣ በሚሽከረከረው የመሞረጃ ድንጋይ፣ ብረት ሲሞርድ ሊያደርገው።

ለሥራ! አምና ከዚያው ሞላ የተፈናጠረች ብረት ናት ግራ ዓይኑን የወሰደችበት። አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ ነገረን፤ የቀረችውን ጠብቁ። ይህ ቀጭን መስታወት ይጠብቃታል? ልቤ አላመነውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ለካ ኦፊቺናው የራሱ መነጽር አለው። ጥርት ያለ ነጭ ፕላስቲክ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ፊት ላይ የሚጣበቅ። መጋዘን ውስጥ ሞልቷል፣ የሚያደርገው ግን የለም፤ የዋና መነጽር እያሉ ይሳለቁበታል። አንዱን ይዘህልኝ ና አልኩት። አመጣው። ጭጋግ ይይዘዋል፣ ምንም አይታይበትም አለ።

ራሴ አደረግሁትና ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። አንዱን ሳልጨርስ ድፍን አለብኝ። ጣቴን ልቆርጠው ነበር። እውነቱን ነው። ሲረታኝ ደስ አይለኝም፣ ግን እውነቱን ነው። ሽንኩርቱ ግን አላስለቀሰኝም፤ ይህንንም ልመስክር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9፣ ት/ቤት ከመሄዴ በፊት

ዓሣ ሻጯ ፋጡማ ዓሣ ይዛ መጣች። የበይሉል፣ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ልጅ ናት፣ ወንድሟ ባሕር ጠላቂ ነው። መነጽሩን አይታ ሳቀች። ወንድሟ ከመጥለቁ በፊት መስታወቱን በምራቁ ያሸዋል፤ ጭጋግ አይይዘውም አለች። ምራቅ! መምህርት ነኝ እኮ። ሳሙና ሞከርኩ። ደረቁን ሳሙና በስሱ ቀብቼ በጨርቅ ወለወልኩት። ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ጠርቶ ቀረ!

ማታ

ለግርማ አሳየሁት። አሁን ደግሞ ላስቲኩ ጆሮውን ያመዋል። አሰፋሁለት። ተጫጭሯል አለ። ሌላ አምጣ አልኩት። አኮረፈ። ሰበብ አያልቅበትም ይህ ሰው። ሳይቃጠል በቅጠል ብል ማን ይስማኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢበላሽ አትታዘቢኝ።

ከማል የግርማን ክንድ ይዞ እየመራ አስገባው። ቀኝ ዓይኑ በፋሻ ታሽጓል። ጮኽኩ። ከማል ቶሎ ብሎ አረጋጋኝ፤ በጥቁሩ መነጽር ጎን ደቃቅ ብረት ገብቶበት ነው፣ ክሊኒክ አጥበው አውጥተውለታል፣ ፋሻው ነገ ይፈታል።

ነገ። እስከ ነገ ግን ግርማ ምንም አያይም። ውሃ ጠየቀኝ። ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጥኩለት። እጁ አየሩን ሲዳብስ፣ ብርጭቆውን አልፎ ሲሄድ አየሁ። ፈራሁ ደብተሬ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ብርጭቆውን አስጨበጥኩትና ወጥቼ ግቢ ካለው የውሃ በርሚል ጀርባ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ፋሻው ተፈታ። ያያል። ተመስገን።

ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ተኛ፣ ግርማም ተኛ። በዚህ ሙቀት የሚነቃ እብድ ነው፤ እኔ ነቅቻለሁ። ከማል ከአዋሽ ዳር ያመጣልን ሐብሐብ ነበር። ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ግቢ አውጥቼ፣ ቀይ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ ሳጥን ላይ አቆምኩት። የኦፊቺናውን መነጽር አሰርኩበት። ከተማሪ የቀማሁት የላስቲክ ወንጭፍ አለኝ፤ ከግርማ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ የብረት ዳዶ፣ የቡሎን ማሰሪያ፣ ወሰድኩ።

የመጀመሪያው በርሚሉን መታ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ተሜ በዚህ ነገር ወፍ ይመታል፣ መምህርቷ ሐብሐብ አቃታት። በኋላ አገኘሁት። ዳዶው ነጥሮ ተመለሰ። ትንሽ ጭረት፣ ሌላ ምንም።

ከዚያ ጥቁሩን አሰርኩ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ወነጨፍኩ። መስታወቱ ረገፈ።

ቀና ስል ግርማ በር ላይ ቆሟል። ሊጮኽብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። መጣ፣ ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። ጥቁር ስንጥሮች ቀዩ ሐብሐብ ውስጥ ተሰክተዋል። በጣቱ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ከዚያ እኔን ሳያይ፣

«አልማዝ፣ ብረቱን ረስቼው አይደለም። የኦፊቺናው መነጽር ፊቴን ወለል አድርጎ ያሳያል። ነጭ የሆነችውን ግራ ዓይኔን ሲያዩ ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ» አለ።

ምክንያቱ ጭጋጉም አልነበረም፣ ላስቲኩም አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው እየበላሁ ይህን አላየሁም። ሁለት ዓይን ይዤ! አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት፣ በሐብሐብ ጭማቂ ተጣበቅን። ሌላውን ግማሽ አብረን በላነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14፣ ማለዳ

ትናንት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ ሐሳብ መጣልኝ። ግራ ዓይኑ እንደሆነ አያይ። ታዲያ የመነጽሩ ግራ ጎን ምን ሊያደርግ ጥርት ይላል? ከውስጥ በኩል ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ፣ ያንን የሚጣበቅ ፕላስተር፣ ለጠፍኩበት። ቀኙን በሳሙና አሸሁት። ግርማ አደረገውና መስታወት ፊት ቆመ። ከአምና ወዲህ መስታወት ፊት ሲቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። የባሕር ወንበዴ መሰልኩ አለ። ሳቀና ይዞት ሄደ።

ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

መነጽሩ አንገቱ ላይ ነው። ናስትሮው የለም። ላብ አላቀቀው ይላል። ተቀብዬ አየሁት። የሙጫ ምልክት እንኳ አልቀረበትም፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የቱ ላብ ነው በቤንዚን የሚጠርግ? እራት አቀረብኩ።

እየበላ እውነቱን አወጣው። አብሮት የሚሠራው ሰሎሞን፣ በያጁ፣ በናስትሮው ቀለደበት። ግርማ መነጽሩን አወለቀና ቀርበህ እያት አለው። ሰሎሞን ቀረበ። አየ። ቀልዱ ቆመ። ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ፊቱን ያዞረ አልነበረም። ያማል ወይ ብለው ጠየቁት። ያኔ ነው ናስትሮውን ልጦ የጣለው። ከዚያ ሰሎሞን መነጽር ሊያወጣ መጋዘን ሄደ፣ ሁለት ሌሎች ተከተሉት። አሁን ሁሉም ጭጋግ ያዘን እያሉ ይጮኻሉ። ግርማ ይህን ነግሮኝ ውሃ ጠጣ።

ሳሙና ያስፈልጋቸዋል። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና መቼ እንደሚያድል ጓድ ሊቀመንበሩም አያውቁት። ያለን አንድ ቁራጭ ነው፣ ለፀጉሬ የደበቅኩት። ቢላዋ አምጥቼ ለአራት ቆረጥኩት። አንዱ ለግርማ፣ ሦስቱ ለጓደኞቹ። ፀጉሬ ይቆይ።

ግርማ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። መነጽር የለ፣ ዓይኑን የሚሸፍን ነገር የለ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለዋል፣ እሱም ቀና ብሎ ይመልሳል። ከማል መጣ፣ ድምፁን ሰማሁ። ያ ጥቁር መነጽር የት ደረሰ እያለው ነው። ግርማ እኔን ይጠራል። ለከማል ምን እንደምንለው ገና አልተማከርንም።