ፌስታሉና ጫጩቱ

ሰኞ፣ የካቲት 2። ጠዋት።
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ልንገርህ! ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ እንደ ልማዴ፣ ከብሎካችን ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ በባይኖኩላር ቃኘሁ። ዛፉ ላይ ባለው የወፍ ጎጆ ጠርዝ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጫጩት! የጥንብ አንሳ ጫጩት፣ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም! ይቺ ቆብ ያጠለቀች የምትመስል ትንሽ ጥንብ አንሳ ከዓለም እየጠፋች ነው፤ እኛ በጎ ፈቃደኞች የምንቆጥራትም ለዚሁ ነው። ለቡድኑ ወዲያው በቴሌግራም ጻፍኩ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ሜክሲኮ ደረስኩ።

ሰኞ። ከሥራ መልስ።
ፌስታል ነው። ነፋስ የሰቀለው ነጭ ፌስታል። ቡድኑ ሳቀብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ፌስታል ሆኗል። አፈርኩ። ግን እናት ጥንብ አንሳዋ ጎጆዋን አልለቀቀችም። ለምን?

ረቡዕ።
መዓት መጣ። የብሎኩ ኮሚቴ ቅዳሜ ዛፉን ሊያስቆርጥ ነው። ሰብሳቢዋ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ያጠቡት ልብስ ላይ ኩስ ይወርዳል፤ ደግሞ ጥንብ አንሳ ደጅ ላይ ካደረ ሞት ይጠራል ባይ ናቸው። አስተባባሪያችን ግርማ ጫጩት መኖሩ ከተረጋገጠ ወረዳውን ለምኖ እንደሚያስቆም ነገረኝ። ግን በቡድኑ ደንብ ሁለት ሰው ያላየው አይመዘገብም። ከፌስታሉ በኋላማ የእኔን ቃል ማን ያምናል? ቡድኑ በሙሉ ለወፍ ቆጠራ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሐይቆቹ ወርዷል። ተናደድኩ።

ሐሙስ። አመሻሽ።
ጎጆው ውስጥ ምን እንዳለ ከመሬት አይታይም። በደንብ የሚታየው ከአንድ በረንዳ ብቻ ነው። ከማን? ከእትዬ አስካለ! ጨክኜ አንኳኳሁ። መጀመሪያ ስለ ኩሱ ወረዱብኝ፤ የፌስታሉን ጉድ ስነግራቸው ግን ስቀው አስገቡኝ። አየሁ። ጫጩት አለ! ቡናማ፣ አንገቱን የሰገገ፣ አፉን የከፈተ። ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። በረንዳው ላይ ዘንበል ብለው አዩ። ከዚያ፣ «ውይ! እያጎረሰችው እኮ ነው!» ባይኖኩላሬን አልመልስም አሉ። ለግርማ ራሳቸው ደውለው፣ ፌስታል እህል እንደማይበላ አስረዱት። ሁለተኛ ምስክር አገኘሁ! ደስታዬ ልክ የለውም።

ቅዳሜ። ረፋድ።
ወረዳው ትናንት መልስ አልሰጠም፤ ኮሚቴው የወሰነውንም እትዬ አስካለ ብቻቸውን መሰረዝ አልቻሉም፤ ቆራጮቹ መጡ። ደነገጥኩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ በርጩማቸውን ይዘው ወረዱና ዛፉ ሥር ቁጭ አሉ። ጫጩቱ እስኪበር ዛፉ አይነካም አሉ። እሳቸውን ማን ሊያነሳ! ቆራጮቹ መጋዛቸውን ጭነው ሄዱ። እኔ እሳቸው በረንዳ ላይ ወፎቹን እቆጥራለሁ፤ እሳቸው ኩስ የማይደርስበት የእኔ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ተስማማን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 3። ጠዋት።
እትዬ አስካለ ደወሉ። ጫጩቱ ጎጆው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ክንፉን ያራግባል! እንባዬ መጣ። «ቶሎ ነይ፣ ብቻዬን ካየሁት አይመዘገብልኝም!» እያሉ ይጮኻሉ። ጫማዬ የት ገባ? በባዶ እግሬ ልሩጥ፣ ቀሪውን ስመለስ!